የ«የለም» መዝገብ

በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ የጎጃሟ ከተማ ጉንደ ወይን ትጠባለች። ከዓባይ በረሃ ወገን ካለው ቆላም፣ ከላይ ከደጋውም የተነሣው ሰው ጤፉን በአህያ ጭኖ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ፣ ቅቤውን በቅል ይዞ ይገባል። እስከ ቀትር ያለው ሰዓት የመሸጫ ነው፤ ከቀትር ወዲህ የመግዣ። ጤፉን ሸጦ ብሩን የቋጠረ ገበሬ ወደ መንገድ ዳር ሱቆች ይወጣና ከአንዱ ደጃፍ ይቆማል። «ትልቁ የባትሪ ድንጋይ አለ?» «የለም አያ፣ ትንሹ ነው ያለው።» «በል እሺ» ብሎ ይሄዳል። እሱ ዞር ሲል አንዲት እናት ለልጇ የክረምት ቦት ጫማ ትጠይቃለች፤ ጫማው አለ፣ የልጁ ቁጥር ግን የለም። ቀጥሎ የመጣው ጎረምሳ ለክብሪትና ለጨው የሁለት መቶ ብር ኖት ሲዘረጋ «ዝርዝር የለም» ይባላል። ሲመሽ ባለሱቁ መሳቢያውን ስቦ የቀኑን ሽያጭ ይቆጥራል። የተሸጠው ሁሉ እዚያ አለ። ተጠይቆ ያልተሸጠው ግን መሳቢያ ውስጥ የለም፣ ደብተር ላይም የለም፤ ባለሱቁ ራት በልቶ እስኪጋደም ድረስ አብዛኛው ከሐሳቡም ወጥቷል።

ትንሽ ንግድ እንዴት ያድጋል የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ ገንዘብ፣ ቦታ፣ ዕድል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ከባለሱቁ እጅ ውጭ ያሉ ናቸው። በእጁ ያለው ሌላ ነው። ቀን ሙሉ ከአፉ የሚወጣውን «የለም» የሚለውን ቃል መቁጠር ይችላል። ይህ ሲባል ባለሱቁ ደንበኛውን አያውቅም ማለት አይደለም፤ በጉንደ ወይን ያህል ከተማ እንዲህ ቢባል ስድብ ይሆናል። የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ የማን በሬ እንደሞተ፣ በየትኛው እድር ማን ዳኛ እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ባለፈው ሐምሌ ስንት ሰው የልጅ ቦት ጫማ ጠይቆ ባዶ እጁን እንደተመለሰ፣ መጀመሪያ ያለቀው የትኛው ቁጥር እንደነበረ፣ በጥር በየሳምንቱ ይመጡ ከነበሩት ውስጥ እስከ መጋቢት የቀሩት እነማን እንደሆኑ ቢጠየቅ ይገምታል እንጂ አይናገርም። ሰውን ማወቅ ሌላ ነው፣ ገዢን ማወቅ ሌላ። የመጀመሪያውን አብሮ መኖር ይሰጣል። ሁለተኛው የሚገኘው በየቀኑ በሚደረግ፣ ሲያዩት ከቁም ነገር በማይገባ ልማድ ነው። የትንሽ ንግድ ዕድገት ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ በዚህ ልማድ ላይ የቆመ ይመስለኛል፤ ይህን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃም ከቅርብም ከሩቅም አለ።

የከተማዋ አቀማመጥ ነገሩን ያከብደዋል። ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በምዕራብ የሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ፣ በምሥራቅ መርጡለ ማርያም፣ በደቡብ ደብረ ወርቅ ይጎራበቷታል። እዚህ «የለም» የተባለ ገዢ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ካላገኘ ለሌላ ጉዳይ ሞጣ ሲሄድ ይገዛዋል፤ ሞጣ ከሄደ ደግሞ የባትሪ ድንጋዩን ብቻ ገዝቶ አይመለስም፣ ሳሙናውንም ስኳሩንም እዚያው ይሸምታል። የአንድ ዕቃ እጦት ሙሉ ዘንቢል ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ባለሱቁ የሚያስተናግደው ሁለት ዓይነት ኪስ ነው። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ኪስ በወር መጨረሻ ሞልቶ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ይሳሳል። የገበሬው ኪስ ግን የሚቆጠረው በዓመት ነው፤ ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ይሞላል፣ በጥር ለሠርግ ይፈታል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጨውና ከሳሙና በላይ አይዘረጋም። በሁለቱ ላይ ጾም አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ አሥራ አምስቱ የፍልሰታ ቀናት የቅቤንና የእንቁላልን ገበያ ያቀዘቅዛሉ፤ የዘይትን፣ የምስርንና የሽሮን ያሞቃሉ። ይህን የማያውቅ ነጋዴ በጎጃም የለም። ይሁን እንጂ «በጾም ዘይት ይፈለጋል» ብሎ ማወቅና «አምና በሁለተኛው የጾም ሳምንት ይህን ያህል ጀሪካን ሸጫለሁ» ብሎ ማወቅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዕውቀት ያለው ሰው ጅምላ አከፋፋዩ ፊት ቆሞ በፍርሃት ያንሳል፣ ወይም በተስፋ ያበዛል።

ገዢን በጥቂቱ ምልክት ማወቅ ለዚህ አገር ንግድ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዛሬው ደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በየጁቤ አጠገብ፣ የባሶ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ነጋዴዎቹ ዓባይን ተሻግረው ከጉድሩና ከእናርያ ወገን ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ያመጡ ነበር፤ ሰውንም ለባርነት ይሸጡና ይለውጡ ነበር፤ ይህ የገበያው ነውር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። የንግዱ መለኪያ አንድም አሞሌ ጨው፣ አንድም ጠገራ ብር ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዋ የማሪያ ተሬዛ መልክ ያለበት ማርትሬዛ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን የቪየና ማተሚያ ግን ከዚያ በኋላ እጅግ ብዙ ዓመታት ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር እያተመ ቀጠለ። ምክንያቱ የገዢው ዓይን ነበር። የእኛ ሰው ብሩን አገላብጦ ያያል፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ነጥቦች ጎልተው መታየት አለመታየታቸውን ይመረምራል፣ ፊደሉ የደበዘዘውን አይቀበልም።

ይህን ያልተረዱት ከሰሩ። ጣልያን በኤርትራ ቅኝ ግዛቷ መጀመሪያ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ብር አወጣች፣ ሰው አልወደደውም። እ.ኤ.አ. በ1918 እንደገና ማርትሬዛን የሚመስል ሌላ ብር አሳተመች፤ መምሰሉ አልበቃም፣ ይህም ሳይዘልቅ ቀረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ያሳተሙት የራሳቸው መልክ ያለበት ብር ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት ሳይችል ቆይቷል። ንጉሥ ያልቻለውን የገበሬው ዓይን ቻለ። መንግሥታት ከእነ ማተሚያቸው የሳቱትን ነገር የቪየናው ማተሚያ ያገኘው ገዢው ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ልብ ብሎ ስለተከታተለ ነበር። «የለም» ብሎ ገዢ መመለስ እንዳለ ሁሉ ገዢውም «አልፈልግም» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ መልስ መማር የቻለው ማተሚያ ከመቶ ዓመት በላይ ነገደበት።

ከጥንቱ ወደ ዛሬ ስንመጣ፣ የጎረምሳው የሁለት መቶ ብር ኖት ጉዳይ በጥናት የተመረመረ ነው። ሎሪ ቢማን፣ ጄረሚ ማግሩደርና ጆናታን ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ ባሉ ጥቃቅን ንግዶች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት የተነሣው «ዝርዝር የለም» ከሚለው ቃል ነው። ባለሱቁ ዝርዝር በማጣቱ ወይ ገዢውን ይመልሳል፣ ወይ ሱቁን ትቶ ጎረቤት ሊዘረዝር ይሄዳል። አጥኚዎቹ በግምታቸው እንዳስቀመጡት አማካዩ ንግድ በዚህ የተነሣ ከጠቅላላ ትርፉ ከ5 እስከ 8 በመቶ ያጣል። ይህ ለአንድ ተራ ነገር ትልቅ ኪሳራ ነው። የሚበልጠው ግን መፍትሔው ነው። ለባለሱቆቹ ብር አልተሰጣቸውም። አጥኚዎቹ በየሳምንቱ እየመጡ «በዚህ ሳምንት በዝርዝር እጦት ስንት ሽያጭ አመለጠህ?» ብለው ጠየቁ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ያመለጣቸውን አስልተው ነገሩ። በሁለቱም ወገን ነጋዴዎቹ ጠዋት ዝርዝር ይዘው መክፈት ጀመሩ፣ ያመለጠው ሽያጭም ቀነሰ። ይህ ማለት ችግሩ የዝርዝር ብቻ ሳይሆን ልብ ያለማለት ነበር ማለት ነው። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሁለት መቶ ብር ኖት ከወጣ ወዲህ፣ ዋጋውም እየናረ ሲሄድ፣ ትልቅ ኖት ይዞ ትንሽ ዕቃ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። በመልስ ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ የሚሰጥ ባለሱቅ ችግሩን የፈታ ይመስለዋል፤ ማስቲካ ሳይፈልግ የገዛው ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ወዴት እንደሚሄድ የሚመዘግብ የለም።

ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ሌላ ማስረጃ ደግሞ ልማድ ትንሽ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ያሳያል። አሌሃንድሮ ድሬክስለር፣ ግሬግ ፊሸርና አንቶኔት ሾር አዶፔም ከሚባለው የጥቃቅን ብድር ባንክ ደንበኞች ለአንዱ ክፍል መደበኛ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት አስተማሩ፤ ለሌላው ደግሞ ጥቂት ቀላል ደንቦች ብቻ፣ ለምሳሌ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ በሁለት መሳቢያ ለይቶ መያዝን፣ አስለመዱ። ሙሉውን ሂሳብ የተማሩት የረባ ለውጥ አላሳዩም፤ በሁለት መሳቢያ የሠሩት ግን አሠራራቸው ተስተካከለ፣ ገቢያቸውም ተሻሻለ። ከጉንደ ወይን ባለሱቅ አንጻር ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዴቢትና ክሬዲት የሚባለውን ነገር ሳይማር መሥራት ይችላል። ልጁ ለትምህርት ቤት ብር ሲጠይቅ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ለእቁብ ሲጣል ሁሉም ከአንዱ መሳቢያ ከወጣ ግን ሱቁ ማትረፉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቤቱን ያስተዳደረው ሱቁ ይሁን፣ ወይስ ሱቁን የሚበላው ቤቱ ይሁን፣ ማንም አይለየውም።

ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ ደግሞ በባንግላዴሽ፣ በቺሊ፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያና በስሪላንካ ያሉ ትንንሽ ንግዶችን 26 አሠራሮች እየጠየቁ መዝነዋል። ከአሠራሮቹ መካከል ደንበኛን «ምን ሌላ ዕቃ ብናመጣልህ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ የቀረ ደንበኛን አግኝቶ ለምን እንደቀረ ማጣራት፣ የጎረቤትን ዋጋ ሄዶ ማየት አሉበት። እነዚህን አሠራሮች አብዝተው የያዙት ንግዶች ብዙ ሸጠዋል፣ ሳይዘጉም ቆይተዋል። አሠራሩ ንግዱን አሳደገው ወይስ ጎበዝ ነጋዴ ሁለቱንም አደረገ ብሎ መጠራጠር ተገቢ ነው፤ ሰባት አገር ውስጥ አብረው መገኘታቸው ብቻውን መንስኤና ውጤትን አይለይም። ነገር ግን የኬንያውና የዶሚኒካኑ ጥናቶች ልማዱን ለአንዱ ወገን ሰጥተው ለሌላው ሳይሰጡ ያነጻጸሩ ናቸውና፣ ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ያያል።

በዚህ ላይ ከውጭ ከመጣው ይልቅ በእጃችን ስላለው ነገር መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ከልማዱ ግማሹ አለን። ጎጃም ገበያ ላይ ጌሾ ወይም በርበሬ ሰፍራ የሸጠች ሴት በመጨረሻ ከሰፈረችው ላይ አንድ እፍኝ ታክላለች፤ ምርቃት ነው። ገዢውም «መርቂልኝ እንጂ» ይላል። ይህ እፍኝ ደግነት ብቻ አይደለም፣ ዋጋ ሳይነካ የተደረገ ቅናሽ ነው፤ ደግሞም ለማን ስንት እንደሚመረቅ መወሰን በራሱ ገዢን መመዘን ነው። አዘውትራ ለምትመጣ ይበዛል፣ ለአልፎ ሂያጅ ገዢ ያንሳል። ብልህ የጉልት ነጋዴ ይህን ሒሳብ በእጇ ታውቀዋለች። ጉድለቱ ዕውቀቱ ከእሷ ጋር ብቻ መቅረቱ ነው። ታማ ሳትመጣ ብትቀር የምትተካት ልጇ ምርቃት ትሰጣለች እንጂ ለማን እንደሚሰጥ አታውቅም።

ዱቤውም እንዲሁ ነው። በየትኛውም የአገራችን ሱቅ ውስጥ የሚገኝ አንድ መዝገብ ቢኖር የዱቤ ደብተር ነው። ያልተከፈለው ብር እንዳይረሳ ስንጽፍ ኖረናል። ደብተሩ ግን ከዕዳ በላይ ይናገራል፦ ይህ መምህር በየወሩ ከ25 ጀምሮ ስኳር በዱቤ ይወስዳል፤ ያቺ እናት ዘይት ሲወደድ መጠኑን ታሳንሳለች እንጂ ሱቅ አትለውጥም፤ እገሌ ዕዳውን ከከፈለ ወዲህ አልመጣም። የመጨረሻው መስመር ከሁሉም የከበደ ነው። ብዙ ነጋዴ ዕዳ ከፍሎ የጠፋውን ሰው «ተገላገልኩት» ይለዋል፤ የከፈለና የጠፋ ሰው ግን በሰላም የሄደ ደንበኛ ላይሆን ይችላል። ዕዳው ሲጠየቅ በሰው ፊት ተጠይቆ ይሆናል፤ ማፈሩ ከብሩ በልጦበት ይሆናል። ባለሱቁ መዝገቡን ለመሰብሰብ ብቻ የሚያነበው ከሆነ ይህ አይታየውም። ስለዚህ አዲስ ደብተር መግዛት እንኳ አያስፈልግም፤ ያንኑ የዱቤ ደብተር ከኋላው ገልብጦ «የለም» የተባለውን መጻፍ ይበቃል።

አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፦ ሰው ጠይቆ ሲሄድ አንድ መስመር፤ ያው ዕቃ እንደገና ሲጠየቅ ከጎኑ አንድ ጭረት። ከተቻለ ስንት ብር ሊከፍል እንዳሰበ። ባለሱቁ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለጭነት ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት ያነበዋል። አንድ ጭረት ወሬ ነው፤ አንድ ሰው ያሻውን ይጠይቃል። በሁለት ገበያ ውስጥ ስድስት ሰባት ጭረት የቆመበት ዕቃ ግን ትዕዛዝ ነው። «የለም» ካሉ በኋላ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄም አለ፦ «ለምንድን ነው የፈለጉት?» ትልቁን የባትሪ ድንጋይ የጠየቀው ሰው ለሬዲዮ ይሁን ለሌሊት ጥበቃ መብራት መለየት ምን መምጣት እንዳለበት ይለውጣል፤ ለመብራት ከሆነ በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ ይሻለው ይሆናል። ገዢው የሚናገረው የሚያውቀውን ዕቃ ስም ነው፤ የሚፈልገው ግን ሥራው እንዲሠራለት ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በገበያ ቀን ሰው ተሰልፎ ሳለ ይህን መጠየቅ እንደማይቻል አውቃለሁ። ማለዳ ወይም አመሻሽ ግን ይቻላል፤ በሳምንት ሦስት ሰው መጠየቅ እንኳ በዓመት ከመቶ ሃምሳ በላይ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሱ ከነጋዴው ነው፤ «መነሻ ገንዘብ ሳይኖረኝ የሚፈለገውን ማወቅ ምን ይረባኛል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በሰው አጠራር አብቁተ፣ በቡድን ዋስትና ማበደሩ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ፀደይ ባንክ ሆኖ መቀጠሉ የገንዘብ እጦት ምን ያህል እውነተኛ ችግር እንደሆነ ምስክር ነው። ገንዘብ ይሠራል ወይ ለሚለውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ውስጥ ለአንዱ ክፍል 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ሰጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ የእነዚህ ሰዎች ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ በለጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘብ አይጠቅምም የሚል ሰው ከዚህ ጋር መሟገት አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ተመልሰው ሲታዩ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ለምን እንደጠፋ ጥናቱን ወደ ራሴ ክርክር መጎተት አልሻም፤ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። የሚታየው ይህ ነው፦ አንዴ የገባ ገንዘብ አንዴ ያነሣል፤ ቀጥሎ የሚያቆየው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ደግሞም ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ከሁሉ ይልቅ መዝገብ የሚያስፈልገው። ብዙ ብር ያለው በግምት ያመጣውን አሥር ዓይነት ዕቃ ሦስቱ ባይሸጡለት ይችለዋል። አንድ ኩንታል ስኳር ለመግዛት ከሁለት ሰው የተበደረ ግን የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠ ገንዘቡ እዚያው አቧራ ይጠጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚነገረው፣ እሱም ግብር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑትን በደረጃ ሐ መድቦ በቁርጥ ግምት እንዲከፍሉ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የዕለት ገቢ ግምቱ ሲወጣ በብዙ ከተሞች ነጋዴው ግምቱ በዛብን ብሎ ጮኸ፣ ሱቅም ዘጋ። ከዚያ የተማረው ብዙ ሰው «የጻፍኩት ሁሉ ይገመትብኛል» ብሎ መጻፍን ይፈራል። ፍርሃቱን አልንቅም። ነገር ግን «የለም» የሚለው መዝገብ ስለ ገቢ አንዲት መስመር የለውም፤ የያዘው ያልተሸጠውን ነው። የገቢ መዝገብም ቢሆን፣ በግምት ከሚመጣ ሰው ፊት ባዶ እጅን ይዞ «ያን ያህል አልሸጥም» ከማለትና ገጽ ገልጦ «በነሐሴ ይህን ነው የሸጥኩት» ከማለት የትኛው እንደሚሰማ ቅሬታ አቅርቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዝምታ የገማቹን እጅ ነው የሚያረዝመው።

«መጻፍ ለማይችልስ?» የሚለው ደግሞ ብዙውን የጉልት ሴት የሚመለከት ነው። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። አንድ ቅል ወይም ቆርቆሮ፣ አንድ እፍኝ ባቄላ፤ ያጣችው ዕቃ በተጠየቀ ቁጥር አንድ ባቄላ ትጥላለች። ለአንድ ዕቃ አንድ ቅል ብቻ፤ ለምሳሌ በዚህ ሳምንት ስለ ኮረሪማ ብቻ ማወቅ ትፈልጋለች። ወይም ማታ ተማሪ ልጇ ስትነግረው ይጽፍላታል፤ ልጁም የእናቱን ንግድ በዚያው ይማራል። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ካለው ከማያውቀው ባቡር ፍጥነት ይልቅ የእናቱ ቅል ውስጥ ያለው ባቄላ የተሻለ ጥያቄ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ «እኔ አጥንቼ ያመጣሁትን ጎረቤቴ ነገ ይደረድረዋል» የሚል ነው። ይደረድረዋል። በትንሽ ከተማ ዕቃ መደበቅ አይቻልም። ነገር ግን ጎረቤት የሚቀዳው ዛሬ የታየውን ዕቃ ነው፤ የሚመጣውን ወር አይቀዳም። ቦት ጫማው ሲሸጥ አይቶ እሱ ያመጣው ነሐሴ ላይ ከሆነ ክረምቱ ሊያልቅ ነው፣ ቁጥሩንም በግምት ነው ያመጣው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ብዙም ሲነሣ የማይሰማው፣ ሌላ ነው፦ የጠየቀ ሁሉ አይገዛም። ሰው የሌለውን ዕቃ መጠየቅ አይከብደውም፤ ዋጋው ሲነገረው ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ሰው ልቡ ካሰበው እጅግ ርቆ ይገኛል። ስለዚህ ነው መዝገቡ የታሰበውንም ዋጋ መያዝ ያለበት፤ ስለዚህም ነው ሰባት ጭረት ያለበት ዕቃ መጀመሪያ በሰባት ሳይሆን በሦስት የሚመጣው። ሦስቱ በአንድ ገበያ ካለቁ መዝገቡ እውነት ተናግሯል። ከቆዩ ኪሳራው የሦስት ነው።

የመጨረሻውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ ነውር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ጭነት የሚቆምበት፣ ሰው ገበያ ለመውጣት የሚሰጋበት ጊዜ መጥቷል። የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት በተጀመረው ቴሌብር መገበያየት የለመደው ከተሜ ወደ ጥሬ ብርና ወደ ዝርዝር ፍለጋ ተመልሷል። ሰው ስለ ሕይወቱ በሚሰጋበት ቦታ ስለ ጭረትና ስለ ደብተር ማውራት ምን ይባላል? ምንም ልማድ የተዘጋ መንገድ አይከፍትም፤ ይህን የሚል ሰው ነጋዴውን ይበድለዋል። ነገር ግን መንገዱ ከሳምንታት በኋላ ለአንድ ቀን ቢከፈትና አንድ መኪና ቢገኝ፣ መኪናው ላይ ያለው ቦታ የሚከራየው በውድ ነው፣ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ባለሱቁ ያን ምሽት ምን ይጭን? ጨው፣ ዘይት፣ ክብሪት ማንም ያስባል። ለወተት የደረሰ ሕፃን ያላቸው ስንት እናቶች የዱቄት ወተት ጠይቀው እንደተመለሱ፣ ስኳር ሕመም ያለባቸው ስንት አዛውንቶች ያለ ስኳር የሚጠጣ ነገር እንደጠየቁ፣ የማረሻ ወገል የተሰበረባቸው ስንት ገበሬዎች ሰኔ ሳይገባ እንደመጡ ግን የሚገኘው ከደብተሩ ጀርባ ነው። ሾፌሩ ከውጭ ጥሩምባ እየነፋ ሳለ ባለሱቁ ገጹን በባትሪ ብርሃን ይገልጣል፤ ወገል፣ ስድስት ጭረት፤ የዱቄት ወተት፣ ዘጠኝ፤ ቦት ጫማ ቁጥር 32፣ አምስት።